የ12 ሳምንቱ የተውኔት ጽሑፍ ፕሮግራም፦ ረቂቅ ይዞ ለሚመጣ ብቻ

ደብረ ማርቆስ ላይ በአንድ የማኅበረሰብ የጥበብ ማዕከል የሚሰጠው ይህ ፕሮግራም ክፍያ የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት ይካሄዳል። በአንድ ዙር 10 ጸሐፊ ይቀበላል፤ ለመግቢያ የሚጠይቀው ባለ 5 ገጽ ትዕይንትና የአንድ ገጽ ጭምቅ ሐሳብ ነው። ማስታወቂያው «ጸሐፌ ተውኔት እናፈራለን» ይላል። እሱስ ተጋንኗል። ዋናው ጥቅሙ ግን በአካባቢው በቀላሉ አይገኝም፦ የጻፉትን በሌላ ሰው አፍ ያሰማል።

የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ስለ ግጭት፣ ስለ ገጸ ባሕርይና ስለ ገቢር (የተውኔት ዐቢይ ክፍል) አከፋፈል የሚሰጡ ትምህርቶች ናቸው። ከማንኛውም የማስተማሪያ ጽሑፍ የሚገኝ ነገር ስለሆነ ቢያመልጥም አያስቆጭም። ሥራው የሚጀምረው 5ኛው ሳምንት ላይ፣ ንባቡ ሲገባ ነው።

ተዋንያኑ በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ። በቅንፍ የተጻፈውን የመድረክ መመሪያ አንድ ሰው ለብቻው ያነባል። ጸሐፊው ከኋላ ሆኖ ቅጂውንና እርሳሱን ይይዛል፤ እስኪያልቅ መናገር አይፈቀድለትም። ይህ ሕግ ጥሩ ነው፣ በደንብም ይከበራል። ችግሩ ቅጂው ላይ ነው። ስድስት ገጸ ባሕርያት ላሉት ተውኔት ከመመሪያ አንባቢው፣ ከአዘጋጁና ከጸሐፊው ጋር 9 ቅጂ ያስፈልጋል። ተውኔቱ 60 ገጽ ከሆነ 540 ገጽ ፎቶ ኮፒ ማለት ነው። ማዕከሉ የሚችለው 5 ቅጂ ብቻ ስለሆነ ሁለት ሁለት ተዋናይ በአንድ ወረቀት ላይ ያጎነብሳል፣ ገጽ ሲገለጥም የቃለ ተውኔቱ ምት ይሰበራል። ቀሪውን በራስ ኪስ ማባዛት ካልተቻለ ሙሉውን ከማስነበብ የተመረጡ 20 ገጾችን በሙሉ ቅጂ ማስነበብ ይሻላል።

ንባብ ምን እንደሚያወጣ በአንድ ትዕይንት እንይ። እናት ቡና ታፈላለች፣ ከከተማ የተመለሰ ልጇ አጠገቧ ተቀምጧል። በመጀመሪያው ረቂቅ እናት «ልጄ ሆይ፣ አባትህ ካረፈ እነሆ ሁለት ዓመት ሆነው፤ አንተም ለቀብሩ ሳትደርስ ቀረህ» ትላለች። ወረቀት ላይ ምንም አይል ይሆናል። ተዋናይዋ ጮክ ብላ ስታነበው ግን ሴትዮዋ የምታወራው ለልጇ ሳይሆን ለተመልካቹ እንደሆነ ወዲያው ይሰማል፤ ልጁ ይህን ሁሉ ያውቃላ! ከንባቡ በኋላ የተስተካከለው ይህ ነው፦

«እማ፣ ሦስተኛው ሲኒ ለማን ነው?»
«እጄ ነው የለመደ።»

አራት መስመር የሚሆን ማብራሪያ በአንድ ሲኒ ተተካ። ይህን ለውጥ ንግግር ወይም ሥልጠና አያመጣውም፤ ጆሮ ነው የሚያመጣው።

ጎጃም ለዚህ አሠራር እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን፣ ማለትም የደረሰውን ቅኔ፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርምለታል፣ ተማሪውም ሌላ ቆጥሮ ይመለሳል። ቀደምቱ ጸሐፌ ተውኔት ዮፍታሔ ንጉሤም ወደ ተውኔት የመጣው ከዚሁ ከቅኔ ቤት፣ ከደብረ ኤልያስ ነው። የፕሮግራሙ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይታያል፦ ለእያንዳንዱ ተውኔት የሚሰጠው አንድ ንባብ ብቻ ነው። ጸሐፊው ያስተካከለውን መልሶ የሚሰማበት ቀን የለም። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ትምህርት ወደ ሁለት ቢቀነስ፣ ለሁለተኛ ንባብ ቢያንስ ለግማሹ ጸሐፊ ጊዜ ይገኝ ነበር።

አንባቢዎቹ በአብዛኛው ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ የመጡ ወጣቶች ናቸው፤ ድምፃቸውም ፍላጎታቸውም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ጽሑፉ የሚደርሳቸው በዕለቱ ነው። ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም፤ «ይመታል» የሚለው መቺውም ተመቺውም ሊሆን ይችላል፣ «ይሰማል»ም እንዲሁ። ድንገት የሚያነብ ተዋናይ የመጣለትን ይላል፣ አዳራሹ ይስቃል፣ ጸሐፊውም ድርሰቱ የተበላሸ ይመስለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አሻሚ ቃል ላይ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ በእርሳስ ሁለት ነጥብ ማድረግ፣ ጽሑፉንም ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ለአንባቢዎቹ ማድረስ። ማዕከሉ ሁለተኛውን ቢያደርግ የንባቡ ጥራት በእጥፍ ይጨምር ነበር።

ስለ ፋይል አንድ ነገር። በድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ዩኒኮድ በሆነ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩትን የፊደል ኮድ በሚጠቀም) ፎንት፣ ለምሳሌ በኒያላ፣ ተይቦ በፒዲኤፍ መላክ ነው።

ከንባብ በኋላ ያለው ውይይት እንደ መሪው ነው። ሲያምር፣ ታዳሚው ሦስት ነገር ብቻ ይጠየቃል፦ የትኛው ንግግር ጆሮህ ላይ ቀረ? የት ጋ ጠፋብህ? እገሌ ምን ይፈልጋል? ለሦስተኛው ጥያቄ አምስት ሰው አምስት መልስ ከሰጠ ገጸ ባሕርዩ ገና አልተጻፈም ማለት ነው። ሲበላሽ ደግሞ አንድ ታላቅ ሰው ተነሥተው «ለምን በሽማግሌ አይታረቁም?» ብለው 20 ደቂቃ ይመክራሉ፤ አክብሮት ይዞት መሪው አያቋርጣቸውም። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ 2 ደቂቃ እንደሚሰጥ ከንባቡ በፊት ቢነገር ማንም አይቀየምም ነበር። ጸሐፊው ግን ለማንም መልስ አይስጥ፤ መከራከር የጀመረ ጸሐፊ ማዳመጡን ያቆማል።

የመዝጊያው ዝግጅት ስፖንሰር ሲኖረው «መልእክት ይጨመርበት» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ የመጨረሻው ትዕይንት ላይ የጤና ባለሙያ ገብቶ እንዲያስተምር ማለት ነው። እምቢ ማለት ይቻላል፣ ከዙሩ የሚያስወጣም ደንብ የለም። የምዝገባ ቅጹ ላይ ያለው «ማዕከሉ ጽሑፉን ሊጠቀምበት ይችላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ሳይጠየቅ አይፈረም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ የጸሐፊው ነው፤ የኢኮኖሚ መብቱም (ከሥራው የመጠቀም መብቱ) ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ «ለአንድ ንባብና ለመዝጊያው ዕለት ብቻ» የሚል ሐረግ በእስክሪብቶ ጨምሮ መፈረም። አስተባባሪዎቹ ይህን ሲጠየቁ አያስቸግሩም፤ ቅጹን ያልቀየሩት በቸልታ ይመስላል።

አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ወንበሩ ፕላስቲክ ነው፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። መብራት ሲጠፋ ችግር የለም፣ የቀን ብርሃን ይበቃል። ዝናብ ሲመጣ ግን ንባቡ አበቃ። ተዋናይ በጩኸት ማንበብ ይጀምራል፤ የሦስተኛው ሲኒ ዓይነት ትዕይንት በጩኸት አይነበብም።

ከ5 ኮከብ 3 ተኩል ይገባዋል። ሐሳብ ብቻ ያለው ሰው ይቆይ፤ ያለቀ ረቂቅ ያለው ይመዝገብ። ዙሩ መጋቢት ላይ ጀምሮ ሰኔ ላይ ያልቃል፣ የንባብ ተራ በዕጣ ይወጣል፣ መለዋወጥም ይፈቀዳል። ዝምታ የሚበዛበት ተውኔት የያዘ ሚያዝያን ይለምን። ቀረርቶና ፉከራ ያለበት ሰኔንም ይችለዋል።