እማዬን ይዤ ከጂማ ሞምባሳ፦ በቀላል ወጪ ባሕር ያየንበት ሳምንት

ከጀርመን ጂማ የምመጣው በሁለት ዓመት አንዴ ነው። በመጣሁ ቁጥር ዘመድ ስጠይቅና ቡና ስጠጣ ፈቃዴ ያልቃል። ዘንድሮ እማዬ «አንድ ቀን እንኳ ባሕር አሳየኝ» አለች። እሷ ትልቅ ውሃ ስትል የምታውቀው የጂማውን ቦዬን ነው፣ ጉማሬው ያለበትን። ሞምባሳ አጠገብ ዲያኒ የሚባለውን የባሕር ዳርቻ መረጥኩ። ሪዞርቶቹን በስልኬ ሳይ ግን ዋጋቸው አይቀመስም። እናም በርካሹ መንገድ ሄድን። እናቱን ይዞ መሄድ ለሚያስብ ሰው የተጠቀምንበትን አገልግሎት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ክትባት። ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ኬንያ የቢጫ ወባ ካርድ ትጠይቃለች፣ ካርዱ ደግሞ የሚሠራው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ጂማ በገባችሁ ማግስት ተከተቡ። እኛ የሄድንበት ቦታ ነርሷ «እማማ፣ ይቀመጡ» ብላ ከወረፋው አወጣቻት። አገልግሎቱ ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ።

በረራውም ጥሩ ነበር። ወደ አገር ቤት የመጣሁት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ስለሆነ የአገር ውስጡ ቲኬት በቅናሽ ተቆረጠልኝ። ከጂማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአውቶቡስ ርካሽ ነው ግን የእማዬ ጉልበት አይችለውም። አንድ ነገር፦ ፌስታል ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። እማዬ ቆሎዋን በሦስት ፌስታል አስራ ነበር፣ ሌሊቱን ወደ ጨርቅ ከረጢት ስንገለብጥ አደርን።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ማረፊያውን የያዝነው ጂማ ውስጥ ባለ አንድ የጉዞ ወኪል በኩል ነው፣ ስሙን አልጠራም። «ክፍላችሁ ባሕር ፊት ለፊት ነው» ብሎ ጭማሪ አስከፈለን። ደርሰን መጋረጃውን ስገልጥ ፊት ለፊታችን ያለው ግድግዳና ጄኔሬተር ነው። ደወልኩለት። «ባሕሩ ከግድግዳው ኋላ ነው» አለኝ። ዋሸ እንዳልል እውነቱን ነው! አምስት ደቂቃ በእግር ሄደን ነጩ አሸዋ ላይ ደረስን። እዚያ ነው የገባኝ። በኬንያ የባሕር ዳርቻው የሕዝብ ነው፤ ሪዞርቱ ግቢውን ያጥራል እንጂ አሸዋውን አያጥርም፣ እና እኛ ሦስት ሌሊት ባደርንበት ብር አንድ ሌሊት ከሚያድሩት ሰዎች ጋር እኩል ያንኑ ውሃ እየረገጥን፣ ያንኑ ነፋስ እየተቀበልን ዋልን። ለመስኮት አትክፈሉ።

የሄድነው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው፣ ገበያው ቀዝቃዛ በሚሆንበት። ይዘንባል፣ ነፋሱም የባሕር ሣር እየገፋ ዳር ያወጣል። የጂማ ሰው ደግሞ መቼ ዝናብ ፈርቶ ያውቃል።

ትራንስፖርት ላይም ይቆጠባል። የሆቴሉ መኪና የጠየቀን ብዙ ነው። እኛ ሊኮኒ በሚባለው መሻገሪያ ላይ ፌሪ (የማሻገሪያ ጀልባ) ተሳፈርን፣ ለእግረኛ ነፃ ነው፣ ከዚያ ማታቱ (የእነሱ ሚኒባስ ታክሲ) እስከ ዲያኒ አጠገብ ያለችው ከተማ ኡኩንዳ፣ ከኡኩንዳ ባጃጅ (እነሱ ቱክቱክ ይሉታል)። ፌሪው ላይ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግፊያው አይጣል ነው፣ ሻንጣችሁ ትንሽ ይሁን።

በማግስቱ ጠዋት ስንወጣ ውሃው የለም። ሸሽቶ ርቆ ሄዷል። እማዬ ቆማ «ማነው የጠጣው?» አለች። በቀን ሁለቴ እንደሚሄድና እንደሚመለስ ብነግራትም ከሰዓት በኋላ ራሷ እስክታየው አላመነችኝም። ውሃው ሲሸሽ ሩቅ ድረስ በእግር ይኬዳል፣ ግን እሾሃም የባሕር ፍጥረት አለና ጫማ አድርጉ። ከፊት ያለው የኮራል ድንጋይ ማዕበሉን ስለሚሰብረው ዋና ለማይችል ሰው እንኳ አያስፈራም። «ጉማሬ የለም አይደል?» ብላ ጠይቃ ነው ቀሚሷን ሰብስባ የገባችው።

ቁርሱ ከክፍሉ ጋር ነው፣ ደህና ነው፣ ጦጣዎቹ ሙዝ ይነጥቃሉ እንጂ። ዛፉ ላይ ጉሬዛም አለ። «የእኛው ጉሬዛ እዚህም ደርሷል!» አለች፣ ጸጉሩ ትንሽ ይለያል። ቡናው ግን የፓኬት ነው። እማዬ አንዴ ቀምሳ ሲኒውን ገፋችው። ከቤት የተፈጨ ቡናና ትንሽ ጀበና ይዛ ነበር፣ ምግብ አብሳዩን በምልክት ፍም ጠየቀችው፣ ሰጣት። ከዚያ ቀን በኋላ ሰውዬው በየማለዳው እኛ ጋ ነው። የሞምባሳ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ የሠሩት ምሽግ ፎርት ጂሰስ አጠገብ፣ መንገድ ላይ በከሰል የሚሞቅ መራራ ቡና በትንንሽ ሲኒ ይሸጣል። እሱን ግን «ይሄስ ሰው የሠራው ነው» ብላ ደገመችው።

በአጠቃላይ ክትባት፣ በረራ፣ ፌሪ፣ ቁርስ አልፈዋል። የወደቀው ወኪሉ ብቻ ነው። የክፍሉን ልዩነት እመልሳለሁ ካለ አንድ ወር ሆነው፣ በደወልኩ ቁጥር «ነገ» ነው። እኔ ተመልሻለሁ። እማዬ ግን ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ስትወጣ ቢሮው መንገዷ ላይ ነው፣ ገብታ ወንበር ስባ ትቀመጣለች።