«ሙስጠፋች»ን ያስቀረልኝ ማክሮ

ጅማ ላይ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት የከፈተ ሰው የኔን ችግር ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ውል ነው። የቤት ኪራይ፣ የብድር፣ የሞተር ሽያጭ። እንዴት ነበር የምሠራው? የትናንቱን ሰውዬ ውል እከፍታለሁ፣ በሌላ ስም ሴቭ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ስም በስም መቀየር ነው።

አንድ ቀን ሁለት ሰዎች መጡ። አከራዩ አቶ ሙስጠፋ፣ ተከራይዋ ወይዘሮ አበበች። የከፈትኩት የድሮ ውል ላይ ያለው አከራይ ደግሞ አበበ ነበር። መጀመሪያ የተከራይዋን ስም አስገባሁ፣ ቀጥዬ ዎርድን «አበበ» ያለበትን ሁሉ «ሙስጠፋ» አድርግልኝ አልኩት። አደረገልኝ! ሽማግሌው አቶ ሙስጠፋ መነጽራቸውን ሰክተው ሲያነቡ ቆዩና «ልጄ፣ ይቺ ሙስጠፋች የምትባለው ማናት?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ፣ እኔ በላብ። «ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ» የሚለውን ምልክት ብታደርጉበትም አያድናችሁም፤ ያኔ ደግሞ «ለአበበ»፣ «የአበበ»፣ «ከአበበ» የሚሉት ያመልጡታል።

በማግስቱ ኮምፒውተር ለሚማር አንድ ልጅ 2,000 ብር ከፍዬ የዎርድ ማክሮ አሠራሁ፤ ማክሮ ማለት ዎርድ ውስጥ ተደጋጋሚውን ሥራ በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሦስት ወር ተጠቀምኩበት፣ አሁን ልናገር እችላለሁ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ናሙና ውሉ ላይ ስም በሚገባበት ቦታ ሁሉ [[አከራይ]]፣ [[ተከራይ]]፣ [[ኪራይ]] ተብሎ ተጽፏል። ማክሮው ሲነሳ ሳጥን ትወጣና ትጠይቃለች። የመለስኩትን ቫሪያብል በሚሉት ነገር ውስጥ ይይዘዋል፣ ከዚያ ቅንፎቹን እየፈለገ ይተካል። አንዴ ተጠየቅሁ፣ አንዴ መለስኩ፣ ስሙ አሥር ቦታም ይግባ ሃያ የኔ ጣት አይነካውም። ማንም ሰው ደግሞ ስሙ ቅንፍ የለውም፣ ስለዚህ ሙስጠፋች አትወለድም።

የመጀመሪያው ሳምንት ግን አስለቅሶኛል። ልጁ የሞከረው በኦሮምኛው ውል ነበር፣ ቁቤ ስለሆነ ሸጋ ሆኖ ሠራ። በአማርኛው ስንሞክር ተከራያችን «????» ሆኑ። ለካ ኢንፑትቦክስ የምትባለዋ የቪቢኤ (ማክሮ የሚጻፍበት ቋንቋ) መጠየቂያ ሳጥን ግዕዝ አይገባትም። ኮዱ የሚጻፍበት መስኮትም እንደዚያው ነው፣ «የአከራይ ስም» ብላችሁ ብትጽፉበት የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። ልጁ ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ ግን መላውን ይዞ ነው የመጣው። ሳጥኗን ትቶ ዩዘርፎርም የሚባል የራሱን መጠየቂያ ቅጽ ሠራ፣ እሱ ግዕዝ ይቀበላል። ጥያቄዎቹን ደግሞ ናሙና ፋይሉ ውስጥ በሠንጠረዥ ጻፋቸው፣ ማክሮው ከዚያ እያነበበ ፎርሙ ላይ ያወጣቸዋል። ይቺን ብልሃት ወድጄለታለሁ፣ ምክንያቱም አሁን ጥያቄ መቀየር ስፈልግ ኮድ አልነካም፣ ሠንጠረዡን ነው የማስተካክለው።

ቀጥሎ የብር ጉዳይ መጣ። ኪራዩን «4,500» ብዬ አስገባሁ። የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ራሱ አስልቶ 12 ብር አለኝ። አሥራ ሁለት ብር! ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰው የሚተይበው ነገር ለኮዱ ቁጥር አይደለም፣ ጽሑፍ ነው። ልጁ ወደ ቁጥር የለወጠው ቫል በምትባል ፋንክሽን ነበር፣ እሷ ደግሞ ኮማው ጋ ስትደርስ ትቆማለች፣ 4 ብቻ ይዛ። ሲዲቢኤል በምትባለዋ ሲተካት 13,500 ወጣ።

ካንስል ስጫንም ጉድ ነበር። ባዶ መልስ ይዞ ዝም ብሎ ይቀጥላል፣ ስም የሌለው ውል አትሞ ያስረክበኛል። አሁን ባዶ ካየ ይቆማል። የግርጌ ጽሑፍ ላይ ያለውን ስም ይዘለው የነበረውንም አስተካክሏል። «እትዬ፣ ግርጌው ለብቻው ነው የሚፈለገው፣ ረስቼው ነው» አለኝ። መርሳቱን ማመኑ ደስ ብሎኛል፣ ገንዘቤን ግን አልመለሰም።

ፕሮግራመር ለሌላችሁ፣ ያለ ማክሮም ይቻላል። ዎርድ ውስጥ «አስክ» የሚባል ፊልድ (ዎርድ ራሱ የሚሞላው ቦታ) አለ፣ ይጠይቅና መልሱን በቡክማርክ፣ ማለትም በስም በተለየ ምልክት፣ ይይዛል፣ «ሬፍ» በሚባለው ፊልድ ደግሞ የፈለጋችሁት ቦታ ትደግሙታላችሁ። ፊልዱን ኮንትሮልና ኤፍ9 ተጭናችሁ ነው የምታስገቡት፣ ለማደስ ኤፍ9 ብቻ። ሒሳብና ቁጥጥር ከፈለጋችሁ ግን ማክሮው ይሻላል። ፋይሉ ማክሮ በሚይዘው የናሙና ፋይል ዓይነት፣ በዶትኤም (.dotm)፣ መቀመጡን አትርሱ፣ በተራው ዶክኤክስ (.docx) ሴቭ ካደረጋችሁት ማክሮው አብሮ አይቀመጥም።

አሁን ውል የሚፈጅብኝ ጊዜ ቡና እስኪፈላ አይሞላም። አንድ የቀረው ነገር ጾታ ነው። «አቶ ወይስ ወይዘሮ» ብሎ ይጠይቃል፣ «ተከራይቷል»ን ግን «ተከራይታለች» አያደርገውም፣ እሱን በእጄ ነው የማርመው። ልጁ ለዚህ ሌላ 500 ብር ጠይቆኛል። 300 ብዬዋለሁ፣ እስካሁን እየተከራከርን ነው።