ባዶ ዲቪዲ ለሰርግና ለቤተሰብ ቪዲዮ፦ የትኛው ይገዛ? እንዴት ይጻፍበት?

ለሰርግ፣ ለኒካ ወይም ለክርስትና ቪዲዮ ባዶ ዲስክ የሚገዛ ሰው ፊቱ ላይ የታተመውን ስም ብቻ አይቶ መግዛት የለበትም። ዋናው ነገር ዲስኩን የሠራው ፋብሪካ ነው። ባዶ ዲስክ በስማቸው የሚሸጡ ብዙ ኩባንያዎች የራሳቸው ማምረቻ የላቸውም። እንደ ታይዋኖቹ ሲኤምሲና ራይቴክ ካሉ አምራቾች ገዝተው ስማቸውን ያትሙበታል። ስለዚህ ዘንድሮ ጥሩ ሆኖ የተገኘ ስም በሚቀጥለው ካርቶን ከሌላ ፋብሪካ ሊመጣ ይችላል።

ፋብሪካውን ለማወቅ ዲስኩ ላይ ምንም መጻፍ አያስፈልግም። ኢምግበርን (ImgBurn) የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍታችሁ ባዶውን ዲስክ ስታስገቡ በቀኝ በኩል በሚዘረዘረው መረጃ ውስጥ የአምራቹ ኮድ ይወጣል። ኤምሲሲ 03አርጂ20 (MCC 03RG20) ካለ አዞ (AZO) የሚባለው መረጃ የሚጻፍበት ቀለም ያለበት፣ እስከ 16 ኤክስ ፍጥነት የሚጻፍ የቨርባቲም ዲቪዲ-አር ነው፤ ለቤተሰብ ቪዲዮ በቅድሚያ የምንመክረውም ይህን ነው። ሲኤምሲ ማግ ኤኤም3 (CMC MAG. AM3) የሚለው ደግሞ የሲኤምሲ ነው። ለዕለት ሥራ፣ ለዘመድ ለሚታደል ቅጂ አያሳፍርም፤ ለዋናው ማስቀመጫ ግን አንመርጠውም። የቨርባቲም ስም ብቻውንም ዋስትና አይደለም፤ አዞ የሚል ጽሑፍ ያለበትም የሌለበትም ይሸጣል። ያለበትን ውሰዱ።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የ50 ቁልል ሲቀርብላችሁ ባለሱቁን አንድ ፍሬ እንዲሸጥላችሁ ጠይቁ። ፍሬ በፍሬ የሚሸጥ ሱቅ ካገኛችሁ ለሙከራ ከዚያ መግዛት ነው። ዲስኩን ወደ መስኮት ብርሃን አዙራችሁ ጠርዙን እዩ፦ የሚጻፍበት ቀለም ዳር ላይ የተዥጎረጎረ፣ መሃሉ ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን የሚያሳልፍ ወይም ሙጫው አረፋ የያዘ ከሆነ መልሱት። ዲቪዲ 0.6 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ፕላስቲኮች ተጣብቀው የሚሠሩበት ነው፤ ማጣበቂያው ከዳር ከተከፈተ እርጥበት ወደ ውስጥ ይገባና የሚያንጸባርቀውን ብረት ይበላዋል። ኮድም ተመሳስሎ ሊሠራ ስለሚችል የመጨረሻው ፈተና አንዱን ሞልቶ ጽፎ መፈተሽ ነው። ሙሉ ቁልሉን የምትገዙት ያ ካለፈ በኋላ ነው።

ከዓይነቶቹ ዲቪዲ-አርና ዲቪዲ+አር በአቅም እኩል ናቸው። ቤት ውስጥ የቆየ ማጫወቻ ካለ፣ በተለይ አያቶች ጋ የሚላክ ከሆነ፣ የመቀነስ ምልክት ያለውን ያዙ፤ አሮጌ ማጫወቻዎች ይበልጥ ይለምዱታል። ተሰርዞ የሚጻፍበት ዲቪዲ-አርደብልዩ ብርሃን የሚመልሰው ትንሽ ስለሆነ ብዙ አሮጌ ማጫወቻ አያነበውም፤ ለሙከራ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። ባለ ሁለት ንብርብር ሆኖ 8.5 ጊጋ ባይት የሚይዘው ደግሞ ዋጋው ከፍ ያለ፣ ሲጻፍም ቶሎ የሚበላሽ ነው። ሌዘሩ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው ሲያልፍ ምስሉ ለአፍታ ቆም ሊል ይችላል። ሁለት ነጠላ ዲስክ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልኩ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ 4.7 ጊጋ ባይት ተብሎ የተጻፈው ኮምፒውተር ላይ 4.38 ሆኖ ይታያል፤ ሻጩ አላታለለም፣ አቆጣጠሩ ነው የተለያየው። እስከ 4.2 ብቻ ሙሉት። ዲቪዲ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ዳር ነው፤ የቀለሙ አቀባብ ጥራት የሚወርደው፣ የጣት አሻራና ጭረት የሚበዛውም ዳር ላይ ነው። ሙሽሮቹ ከቤት ሲወጡ ጥርት ብሎ የታየ ቪዲዮ ቅልቅሉ ላይ ሲደርስ የሚቆመውና የሚቆራረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በ4.2 ጊጋ 90 ደቂቃ ከያዛችሁ ለምስሉ በሰከንድ 6 ሜጋ ቢት ያህል ይደርሰዋል፣ ጥሩ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ወደ 4.7 ይወርዳል። ሦስት ሰዓት ከታጨቀ 3 ገደማ ነው የሚቀረው፤ የወሎ እስክስታ ሲመጣ ትከሻው ሁሉ ወደ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ይበታተናል። ሰርጉን በአንድ ዲስክ፣ መልሱንና ቅልቅሉን በሌላ ማድረግ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ቅርጹ ይመጣል። ከስልክ የወጣውን ኤምፒ4 ፋይል እንዳለ ዲስክ ላይ ብትገለብጡት ኮምፒውተር ያጫውተዋል፤ የሳሎኑ ማጫወቻ ግን ብዙ ጊዜ አላውቀውም ይላል። ዲቪዲ ማጫወቻ የሚፈልገው በኤምፔግ-2 የተጨመቀ፣ ቪዲዮ_ቲኤስ በሚባል ፎልደር ውስጥ በቪኦቢና በአይኤፍኦ ፋይሎች የተደራጀ ምስል ነው። ዲቪዲስታይለር የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይህን ይሠራል። አዲስ ሥራ ስትከፍቱ ፓል፣ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም የሚለውን ምረጡ፣ የአገራችን ቴሌቪዥን በዚህ ነውና። ድምፁን ኤሲ-3፣ 48 ኪሎ ኸርዝ አድርጉት። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ የፍሬም ፍጥነቱ ወጣ ገባ ስለሚል፣ ሳይስተካከል ከተለወጠ ድምፅና ከንፈር ቀስ በቀስ ይለያያሉ። የመንዙማው ድቤ ከእጁ ቀድሞ ሲሰማ ምክንያቱ ይሄው ነው። አስቀድማችሁ ሃንድብሬክ በተባለው ፕሮግራም ቋሚ ፍሬም የሚለውን መርጣችሁ አውጡትና ከዚያ ወደ ዲቪዲ ለውጡት።

ሲጻፍ ፍጥነቱን ለፕሮግራሙ አትተዉት። ባለ 16 ኤክስ ዲስክ በ8 ኤክስ ይጻፍ፤ ሙሉ ዲስክ 8 ወይም 9 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በ16 ኤክስ ሲጻፍ ዲስኩ ከፍተኛውን ፍጥነት የሚደርስበት ዳር ላይ፣ ማለትም ደካማው ቦታ ላይ ነው። በጣም ዝቅ ማድረግም አይጠቅምም፣ የዛሬ ዲስክ ቀለም ለ1 ወይም ለ2 ኤክስ አልተቀመመምና። ከመጻፉ በፊት ብናኝ ካለበት በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ጥረጉ፣ በክብ አታሽከርክሩ። ሌዘሩ ሲጽፍ የተጋረደበት ነጥብ ኋላ ቢጠረግም አይመለስም። ኢምግበርን ውስጥ ቬሪፋይ የሚለውን ምልክት አድርጉ፣ ጽፎ ሲጨርስ ራሱ መልሶ ያነበዋል። ያም ሆኖ የጻፈው መሣሪያ የራሱን ጽሑፍ ስለሚለምድ፣ ዲስኩን በሌላ አሮጌ ማጫወቻ አስገብታችሁ መጨረሻውን ምዕራፍ ዝለሉበትና እዩ።

መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ዲቪዲ-አር ተበላሽቶ ይቀራል፣ ከቆመበት አይቀጥልም። ባትሪው በሚሠራ ላፕቶፕ ጻፉ። ከውጭ በዩኤስቢ የሚሰካው ቀጭን መጻፊያ ኃይሉን ከላፕቶፑ ስለሚወስድ፣ ረዥም ማራዘሚያ ወይም ማከፋፈያ ላይ ስትሰኩት ጉልበት ያንሰውና መሃል መንገድ ላይ ስህተት ያወጣል። ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት፤ ሁለት ራስ ያለው ገመድ ካለው ሁለቱንም ሰኩ። በሚጻፍበት ሰዓት ጠረጴዛውን አትነቅንቁ፣ ሌላ ከባድ ሥራም አትክፈቱ።

ዲስኩ ላይ ስም ስትጽፉ እስክሪብቶ ተዉ። ለሲዲ ተብሎ የተሠራ ጫፉ ለስላሳ ማርከር ብቻ ተጠቀሙ፤ ክብ የወረቀት ስቲከር መለጠፍ ደግሞ ዲስኩን ሚዛን ያሳጣዋል፣ ሲሞቅም ይላቀቃል። ሲዲ ላይ ጥንቃቄው ይብሳል፦ መረጃው ያለው ከላይኛው ፊት ሥር ስለሆነ ከላይ ሲጫር ነው የሚሞተው።

የአቀማመጡ ነገር በወሎ የየአካባቢው ይለያያል። ደሴ በክረምት ጉም የሚወርድባት፣ ከጦሳ ተራራ ሥር እርጥበቱ የማይለቅ ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻና ባቲ ሲወረድ ሙቀቱ ይመጣል። ለረዥም ጊዜ የሚመረጠው 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድና 40 በመቶ አካባቢ እርጥበት ነው። ደሴ ላይ ቅዝቃዜው ችግር የለውም፣ እርጥበቱ ነው ጠላት፤ ዲስኩን በጠንካራ ሽፋኑ ውስጥ አቁማችሁ፣ ከውጭው ግድግዳ ራቅ ባለ ቁም ሳጥን አኑሩት። ቆላ ላይ ፀሐይ ነው የሚያጠፋው፦ በመስኮት የሚገባ ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዘዋል፣ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተረሳ ዲስክም ይጣመማል። ከደጋው ይዛችሁ ስትወርዱ ዲስኩ እርጥበት ሊያንጠባጥብ ስለሚችል፣ ሽፋኑ ውስጥ እንዳለ እስኪሞቅ ቆዩና አስገቡ። ማጫወቻውን ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጤስበት ጥግ አርቁት፤ ጭሱ ሌንሱ ላይ ስስ ቅባት ይሠራል። ጥሩ ዲስክ አልነበብ ሲል ጥፋቱ ከማጫወቻው ሊሆን ስለሚችል፣ ከመጣላችሁ በፊት በሌላ ሞክሩት።

ከሁለት ቅጂ በታች አትሥሩ፤ አንዱ እቤት፣ አንዱ ከሌላ ዘመድ ጋ ይቀመጥ፣ ሁለቱም ከአንድ ቁልል ባይሆኑ ይመረጣል። በየዓመቱ አንዴ ሙሉውን ዲስክ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። ኮፒው መሃል ላይ ከተንቀራፈፈ ወይም መጻፊያው ደጋግሞ መሽከርከር ከጀመረ ዲስኩ እየደከመ ነው፣ ያኔውኑ አዲስ ጻፉ።

ቪዲዮ ባለሙያ ስትቀጥሩ ደግሞ ከዲቪዲው ጋር የካሜራውን ፋይል በሃርድ ዲስክ እንዲያስረክባችሁ በውሉ ላይ አስገቡ። ካሜራው በ1080 መስመር የቀረጸው ዲቪዲ ላይ 576 ብቻ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፣ የጠፋውን ዝርዝር ከዲስኩ መመለስ አይቻልም። ያንን ዋና ፋይል ዲስክ ላይ ማኖር የሚፈልግ ቤተሰብ 25 ጊጋ ባይት የሚይዘውን ባዶ ብሉሬይ ያስብ፤ ተራው የዲቪዲ መጻፊያ ግን አይጽፈውም፣ የራሱ መጻፊያ ያስፈልገዋል።