ጅብ ከሄደ የሚጮህ የስልክ መቅጃ

ይሄ ዕቃ አይሠራም ልል አይደለም። ይሠራል። ችግሩ መቼ መሥራት እንደሚጀምር ነው። ቢሮ ካስገባነው ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለመጻፍ ያስነሳኝ ግን አንድ ጥሪ ነው። የሸጠልን ሰውዬ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

እኛ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴዎች ነን። ሱቃችን ሶማሌ ተራ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ፣ ቅርንጫፎቻችን አዳማና ሐዋሳ። ከሽያጫችን ብዙው የሚያልቀው በስልክ ነው። ደንበኛው ይደውላል፣ ዕቃውን ይጠራል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ብር ያስገባል፣ ዕቃው ይጫንለታል። ፊርማ የለም፣ ወረቀት የለም፣ ያለው ቃል ብቻ ነው። «እኔ እንደዛ አላልኩም» ከተባለ ደግሞ አበቃ።

ድሮ ልጆቹ በየሞባይላቸው አፕ ጭነው ይቀዱ ነበር። ጉግል በፈረንጆቹ 2018 ከወጣው ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ በሩን እያጠበበ መጣ። በ2022 ደግሞ ፕሌይ ስቶር ላይ ያሉ አፖች አክሰሲቢሊቲ በሚባለው፣ አካል ጉዳተኞችን ለመርዳት በተሠራው ቀዳዳ በኩል ጥሪ እንዳይቀዱ ጨርሶ ከለከለ። ከዚያ በኋላ የአንዳንዶቹ ልጆች ስልክ የሚቀዳው የራሳቸውን ድምፅ ብቻ ሆነ። ማዶ ያለው ሰው ዝም፣ የኛ ልጅ ብቻውን ሲከራከር ትሰማላችሁ። ያስቃል፣ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ የቢሮ ስልኩን በሙሉ ቀየርነው። ዋናው ሰርቨር ሶማሌ ተራ ተቀመጠ፣ በየቅርንጫፉ ስልኮቹን የሚያገናኝ አንድ አንድ ትንሽ ሳጥን፣ ሁሉም በቪ ፒ ኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር የተያያዘ። ውስጡ ያለው ሞተር አስቴሪስክ ነው። ማርክ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1999 የጀመረው፣ ማንም ሰው በነፃ አውርዶ የሚጭነው ሶፍትዌር። ይሄን ያወቅኩት ከገዛሁ በኋላ ነው፤ ሻጮቹ የራሳቸውን ስቲከር ለጥፈውበት ነበር። ቢለጥፉም አልቀየማቸውም፣ ሰው የሚከፍለው ለገጠማውና ለጥገናው ነው።

ሲሸጡልኝ በጣም የወደድኩት «ሲፈልጉ ብቻ የሚቀዳ» የሚለውን ነው። በወሬ መሃል ኮከብና አንድን መጫን፣ አለቀ። ሁሉን ነገር መቅዳት አያስፈልግም። ልጆቹ ከቤታቸው ጋር የሚያወሩት፣ ደንበኛው ስለ ልጁ ሠርግ የሚነግረን፣ ይሄ ሁሉ ለምን ይቀዳል? ሐሳቡ ጥሩ ነው። አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ።

ስልኩ ራሱ ይጠራል፣ ይነሳል፣ ሐዋሳን በሦስት ቁጥር ማግኘት ተመችቶናል። በዚህ በኩል የምለው የለኝም።

አሁን ወደ ጥሪው። አንድ ከሻሸመኔ የሚገዛን ደንበኛ ደወለና የአይሱዙ ፍሪሲዮን ሸራ አዘዘ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ የቆየችና ሥራዋን የምታውቅ ናት። ለኤን ፒ አር ነው ወይስ ለኤፍ ኤስ አር (ሁለቱም የአይሱዙ የጭነት መኪና ሞዴሎች ናቸው) ብላ ጠየቀች፣ ነገራት። ዋጋ ተነጋገሩ። ከዚያ «ግማሹን አሁን አስገባለሁ፣ ግማሹን ዕቃው ሲደርሰኝ» አለ። እዚህ ላይ ነው ልጅቷ ጠርጥራ ኮከብ አንድን የተጫነችው። ማንም ቢሆን እዚያ ላይ ነው የሚጫነው። ዱቤ የሚል ነገር ሲመጣ ነው ሰው የሚነቃው።

ዕቃው ሄደ። በሁለተኛው ቀን ሰውዬው ደውሎ «የማይሆን ነው የላካችሁልኝ» አለ። እኛም ተዝናንተን ቅጂውን ከፈትን። የሚጀምረው እንዲህ ነው።

«...እሺ የኔ እህት፣ እሱኑ ላኪልኝ።»

«እሺ ጋሼ፣ ዛሬውኑ እጭነዋለሁ።»

እሱኑ የቱን? ከዚያ በፊት ያለው የለም። ቅጂው የሚጀምረው ቁልፉ ከተነካበት ሰከንድ ነው። ለሰውዬው በቴሌግራም ላክንለት፣ አዳመጠና «እኮ! እሱኑ ስል የኤፍ ኤስ አሩን ነው እንጂ» አለ። ሁለት የሰፈር ነጋዴዎች ሽማግሌ ሆነው ገቡ። ቅጂውን ሰሙና ለሰውዬው ፈረዱ። የማመላለሻው ወጪ በኛ ላይ ወደቀ። እኔ በገዛሁት መቅጃ፣ በእኔው ማስረጃ ተረታሁ ማለት ነው።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ከጥሪው መጀመሪያ ላይ መጫን ነበረባት» አለኝ። እሺ፣ እንበል። መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ የምትጫን ከሆነ ታዲያ «ሲፈልጉ ብቻ» የሚለው ምኑ ላይ ነው? ሰው ክርክር እንደሚመጣ የሚያውቀው ክርክሩ ሲሸተው ነው። ዋናው ቃል ያን ጊዜ ተነግሮ አልፏል። በንግድ ስልክ ላይ ደግሞ ዕቃው፣ ቁጥሩ፣ ዋጋው የሚጠራው መጀመሪያ ላይ ነው፣ ጭቅጭቁ መጨረሻ ላይ።

«ዲስክ እንዳይሞላብዎት ብለን ነው» አለኝ ደግሞ። ይቺን ቤት ሄጄ አሰብኳት። የስልክ ድምፅ በተራ ዋቭ ፋይል ሲቀመጥ በሰከንድ 16 ሺህ ባይት ነው፣ በደቂቃ አንድ ሜጋባይት አይሞላም። አንድ ቴራባይት ዲስክ ከ17 ሺህ ሰዓት በላይ ወሬ ይይዛል። እኛ ሶማሌ ተራ ላይ ምን ያህል ብናወራ ነው እሱን የምንሞላው? ዲስክ ዛሬ ርካሽ ነው፣ ለዚያውም ያልተፈለገው ቅጂ ወዲያው ቢጠፋ ቦታም አይዝም።

ሦስተኛው መከላከያ ትንሽ ክብደት ነበረው። «የሰው ምስጢር ነው፣ ሳይጫን መቅዳት ሕግ አይፈቅድም» የሚል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክ የሚደረግ ግንኙነትን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ግን ይሄ ለኛ እንጂ ለሻጩ መከራከሪያ አይሆንም። ሰውዬው በማያውቀው መንገድ ከተቀዳ፣ ከመሃል ተጀመረ ከመጀመሪያ ተጀመረ ያው ነው። መፍትሔው ስልኩ እንደተነሳ «ይህ ጥሪ ሊቀዳ ይችላል» የሚል ድምፅ ማስገባት ነው፣ አስገብተናልም። አንድ ትልቅ ሰው ድምፁን ሰምተው ባንክ የደወሉ መስሏቸው ሁለት ጊዜ ዘግተውብናል። አሁን ለምደውታል።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ኮከብ አንድ ያበራል፣ ኮከብ አንድ ያጠፋል። ያው አንዱ ቁልፍ! ሲጀምር ደግሞ ምንም ድምፅ አይሰማም። የአዳማው ልጅ ተጫነ፣ ምንም አልሰማም፣ አልሠራም ብሎ ደገመው፣ ጠፋ። ሰርቨሩ ላይ የሱ ፋይሎች የሁለትና የሦስት ሰከንድ ናቸው፣ አንዱ ውስጥ ያለው ሳል ብቻ ነው። በዚያ ላይ ኮከቡንና አንዱን አስከትላችሁ ቶሎ ካልተጫናችሁ ሲስተሙ እንደ ትእዛዝ አይቆጥረውም፣ ደንበኛው ጆሮ ላይ ጢጥ ይልና «ምንድነው እሱ?» ይላችኋል። ይሄን ማንም አላስተማረንም። ሥልጠና ተብሎ የተሰጠን አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

የሰዓቱ ጉዳይማ ለብቻው ነው። ፋይሎቹ የሚሰየሙት በቀንና በሰዓት ነው፣ ቀኑ የፈረንጅ፣ ሰዓቱ ደግሞ የግሪንዊች። ደንበኛው «ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነጋግረናል» ይላል። ልጅቷ 09 ብላ ትፈልጋለች። የሚከፈትላት ስድስት ሰዓት ላይ፣ ምሳ ሰዓት፣ የተደረገ ጥሪ ነው። የቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እዚያ ላይ 12 ተብሎ ነው ያለው። አስቡት፣ ከኛ ወደ ፈረንጅ ስድስት መደመር፣ ከዚያ ሦስት መቀነስ፣ ደንበኛው መስመር ላይ እየጠበቀ። ቢያንስ ሰርቨሩን በአዲስ አበባ ሰዓት ማስተካከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። አላደረጉትም።

ቅርንጫፍ ያላችሁ ደግሞ ይቺን በደንብ አንብቡ። ሲሸጡልን «አንድ ሲስተም ነው፣ የትም ቦታ ይቀዳል» ነበር ያሉት። ሐዋሳና አዳማ እርስ በርስ ሲደዋወሉ ግን ኮከብ አንድ ምንም አያደርግም። ምክንያቱ ሲገባኝ ቀላል ነው። «ደውልልኝ፣ አንሳ፣ ዝጋ» የሚለው ምልክት ነው ሶማሌ ተራ ባለው ሰርቨር በኩል የሚያልፈው። ድምፁ ራሱ አጭሩን መንገድ ይዞ ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ ይሄዳል። ሰርቨሩ ያልሰማውን ከየት አምጥቶ ይቀዳል?

ደውዬ ስጮህ ቀጥታ መንገዱን ዘጉትና ድምፁ ሁሉ በአዲስ አበባ እንዲዞር አደረጉ። አሁን ይቀዳል። ግን አንድ ጥሪ በተለመደው የድምፅ ዓይነት 64 ኪሎቢት በሰከንድ ነው፣ ድምፁ ተቆራርጦ የሚላክበት ፓኬት ማሸጊያ ሲጨመርበት 80 ይደርሳል፣ ቪ ፒ ኤኑ ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ይሄም ወደ ሁለቱም አቅጣጫ። ሐዋሳ መብራት ጠፍቶ ወይም ፋይበሩ ተቋርጦ በሞባይል ዳታ ሲሠሩ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ቅጂውም አብሮ ይቆራረጣል። አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሁለት የሐዋሳ ልጆች እንኳን በውስጥ መስመር ሲደዋወሉ ድምፃቸው አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል። ለምን? እዚያው ቅርንጫፍ ባለው ሳጥን ላይ ቀድቶ ማታ ኔትወርኩ ሲቀል ወደ ዋናው መላክ ይቻል ነበር። «ሳጥኑ ለመቅጃ አልተሠራም» ተባልኩ። እንግዲህ እናንተ ስትገዙ ሳጥኑ ለምን እንደተሠራ ጠይቁ። ሲፕሬክ የሚባል፣ የጥሪን ድምፅ ግልባጭ ሌላ ቦታ ወዳለ መቅጃ ለመላክ በፈረንጆቹ 2016 የወጣ ስታንዳርድ አለ። እሱን ይደግፍ እንደሆነም ጠይቁ። ሻጩ ስሙን ሲሰማ ፊቱን እዩ።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ያ የመጀመሪያው ችግር፣ ቅጂው ከመሃል የመጀመሩ ነገር፣ «ሲስተሙ እንደዛ ነው የተሠራው» ተብሎ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ «በፕሪሚየም ላይሰንስ ይገኛል» ተባለ። አንድ ጎረቤት ሱቅ ካሜራ የሚገጥም ልጅ ነገሩን ሰምቶ ሳቀብኝ። ላፕቶፑን ይዞ መጣ፣ ቡና ተፈላለት፣ ተቀመጠ። ያደረገው ይሄን ነው። ሚክስሞኒተር የሚባለው የአስቴሪስክ ትእዛዝ እያንዳንዱን የውጭ ጥሪ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጊዜያዊ ቦታ ላይ እንዲቀዳ አደረገ። ኮከብ አንድ ሲጫን ጥሪው ላይ «ይቀመጥ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፣ ጢጥ የሚል ድምፅም ለኛ ብቻ ይሰማል። ስልኩ ሲዘጋ ምልክት ከሌለው ፋይሉ ይጠፋል። አለቀ። ሁለተኛ ቢጫኑትም አያጠፋም። ሰዓቱንም በዚያው አስተካከለልን።

ልጁ ሲሄድ የመጀመሪያውን የሙከራ ቅጂ ከፈትን። «ሄሎ፣ ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ይጀምራል። ሁላችንም ሱቁ ውስጥ አጨበጨብን።

እንግዲህ ይገዛ ወይ ለሚለኝ፣ ከወር በፊት ብትጠይቁኝ «እጃችሁን ሰብስቡ» እላችሁ ነበር። ዛሬ ስሜቴ ትንሽ ስለተስተካከለ ሶፍትዌሩ ይገዛ አልልም፣ ነፃ ነው፤ ግን ይገጠም እላለሁ። ከማን ጋር እንደምትገጥሙት ነው ነገሩ። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ለፊት ደውሉ፣ ሁለት ደቂቃ አውሩ፣ ከዚያ ቁልፉን ተጫኑና ቅጂውን አጫውቱ በሉት። «ሄሎ» ካልሰማችሁ ተነሱ። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍም አስደውሉት።

የሐዋሳው ዙሪያ ጥምጥም ገና አልተፈታም። ልጁ ሳጥኑን ከፍቶ ሊያየው ነው፣ ዋስትናው ይፈርሳል ብለው አስፈራርተውናል። የዓመቱ የጥገና ሂሳብ ደግሞ ትናንት በኢሜይል መጥቷል። ከዝርዝሩ ውስጥ «የድምፅ ቅጂ አገልግሎት» የሚል መስመር አለበት። እሱ መስመር እስኪወጣ ድረስ ሳንቲም አልከፍልም ብዬ ጽፌላቸዋለሁ።