መፋቂያው፣ ብሩሹና እጥበቱ፦ ስልሳ ባለፈ አፍ የተፈተኑ

ጎንደር ውስጥ ለጥርስ የሚሸጥ ነገር ሁሉ «ያነጣል» ይባልለታል። ሳሙናው ያነጣል፣ ዱቄቱ ያነጣል፣ ከሰል የገባበት ጥቁሩም ያነጣል። እኔ ደግሞ ስልሳን ካለፍኩ ቆየሁ። ጥርሶቼ ዕድሜ ልካቸውን ቡና ሲጠጡና ቆሎ ሲቆረጥሙ የኖሩ ናቸው፤ ትንሽ ቢጫ ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? የኔ ጣጣ ሌላ ነው። ድዴ እየሸሸ ነው። ድሮ ተሸፍኖ የኖረው የጥርሴ ሥር ብቅ ብሏል። ቀዝቃዛ ውሃ በነካው ቁጥር ይነዝረኛል።

ስለዚህ ዕቃውንም አገልግሎቱንም የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው። ድድ ሥርና ጥርስ መሃል ገብቶ ይሠራል ወይስ ፊት ለፊቱን ብቻ ያሳምራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላይ የሚታየው የጥርስ ክፍል ኢናሜል ለብሷል። ኢናሜል ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነገር ነው፤ አጥንት እንኳ አይስተካከለውም። ሥሩ ግን ይህ ልብስ የለውም። ድዱ ሲሸሽ ራቁቱን ይቀራል። ቶሎ ይቦረቦራል፤ ሻካራ ነገርም ይፍቀዋል። ልጆች ሳለን ጥርሳችን የሚበላው አናቱ ላይ ነበር። አሁን የሚበላው ከድዱ ጠርዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳይታይ።

መፋቂያውን ላስቀድም፤ የምወደው እሱን ነው።

ቅዳሜ ገበያ መፋቂያ ይዘው የሚዞሩ ልጆች አሉ። አንዱ ደንበኛዬ ነው። ገና ከሩቅ ሲያየኝ «እማማ፣ ወይራ ነው! ትናንት የተቆረጠ!» ይላል። ትናንት መቆረጡን እሱም አያምንም። እኔ ጥፍሬን ልጡ ላይ ጫን አድርጌ ነው የማየው። እርጥብ ከሆነ ጥፍር ይቀበላል። የደረቀው አይቀበልም። የደረቀ መፋቂያ ሲያኝኩት እየተሰበረ ስንጥር ይሆናል፤ ድድ ይወጋል። ውሃ ውስጥ አሳድሮ መጠቀም ይቻላል፤ ግን እንደ እርጥቡ አይሆንም።

ወይራ ጠንካራ ነው። ለወጣት ጥርስ ምንም አይልም። ለሸሸ ድድ ግን ይከብዳል። ግራዋ የሚፍቁም አሉ፤ ምሬቱን የቻለ ይሞክረው። የኔ ምርጫ ልምጭ ነው። ሲታኘክ ጫፉ በቀላሉ ይበተናል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ልጁ ልምጭ ሁልጊዜ አያመጣም። ሲያመጣ ከአንድ በላይ እገዛና ጫፉን እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አቆየዋለሁ። የተጠቀምኩበትን ጫፍ ቆርጬ እጥላለሁ። ያንኑ የተበላሸ ጫፍ ለሳምንት ኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አሉ። እባካችሁ።

መፋቂያ ጥሩነቱ ውሃ አይፈልግም፣ ሳሙና አይፈልግም፣ ባጃጅ እየጠበቁም ይሠራል። ለኔ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፦ ሲያኝኩት ምራቅ ያመጣል። የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። አንዳንዱ የግፊት ኪኒን አፍ ያደርቃል፤ የኔውም ከነዚያ ነው። ምራቅ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ስኳር ከበላን በኋላ አፍ ውስጥ የሚፈጠረውን አሲድ የሚያጥበውና የሚያበርደው ምራቅ ነው። አፋቸው የደረቀ እኩዮቼ ከረሜላ ሲመጥጡ አያለሁ። ያ ጥርስን በስኳር መዘፍዘፍ ነው። ውሃ ጎንጨት ማለት ይሻላል። መድኃኒቱንም ከማቆም በፊት ላዘዘው ሐኪም መንገር ነው።

መፋቂያ የማይደርስበት ቦታ አለ። የታችኛው ፊት ጥርስ ጀርባ አይደርስም። መንጋጋ መሃል አይገባም። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ዋነኛ የችግር ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ መፋቂያ ለቀን፣ ብሩሽ ለማታ ብዬ ከፋፍያለሁ።

ብሩሽ ልገዛ ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። ሻጩ ልጅ ደግ ነው፤ ግን ምክሩ ለኔ አይሆንም። «ማዘር፣ ይሄኛውን ይውሰዱ፣ ጠንካራ ነው፣ ቆሻሻ አይምርም» አለኝ።

«እኔንስ ይምረኛል?» አልኩት።

ሳቀና ለስላሳውን ፈልጎ አመጣልኝ። ከጀርባ ካለ ካርቶን ነው ያወጣው። ፊት ለፊት የተደረደረው ሁሉ መካከለኛና ጠንካራ ነው። ራሱ ትንሽ፣ ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ ብሩሽ ያዙ። ዋጋው ከጠንካራው አይበልጥም። ሦስት አራት ወር ሲሆነው ወይም ፀጉሩ ሲንጨባረር ይለወጣል። የኔው በዚያ ጊዜ ገና ደህና ነው። የባለቤቴ በወሩ ያልቃል፤ ሰውየው ሲቦርሽ ምንጣፍ የሚያጥብ ነው የሚመስለው። ድዱም ከኔ በላይ ሸሽቷል። ብሩሹን ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ ትንንሽ እያሉ ማንቀሳቀስ ነው። ሁለት ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ ስትቆሙበት ረጅም ነው፤ ሰዓት ካላያችሁ ግማሹ ላይ ነው የምታቆሙት።

ሳሙናውን በተመለከተ፦ ኮልጌት ይሁን ሲግናል ወይም ሌላ፣ ለኔ ስሙ አይደለም ቁም ነገሩ። ቱቦው ጀርባ ላይ ጥርስን የሚያጠነክረው ማዕድን፣ የፍሎራይድ መጠን ተጽፏል። ለአዋቂ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንቱ እንደሆነ የሚለካበት ነው) ያለው ይሁን። መነጽሬን አድርጌ አነባለሁ፤ ፊደሉ ደቃቅ ነው። ከሰል ያለበትንና «በአንድ ሳምንት ያነጣል» የሚለውን ተውት። ራቁቱን የወጣ ሥር ላይ እንዲህ ያለ ሻካራ ነገር መፈግፈግ ሥሩን መሞረድ ነው። ሎሚና ጨውም እንደዚያው፤ ሎሚው አሲድ ነው። ለሚነዝር ጥርስ ፖታሲየም ናይትሬት ያለበትን ሳሙና እጠቀማለሁ። በአንድ ቀን አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈልጋል። ሠርቶልኛል።

አሁን ደግሞ ለጎንደሬ የሚጥም ምክር። ከቦረሻችሁ በኋላ አፋችሁን ደጋግማችሁ አትጉመጥመጡ። አረፋውን ተፉና ተዉት። ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ መቆየት አለበት። ቧንቧችን በፈረቃ ለሚመጣብን ሰዎች ከዚህ የተሻለ ዜና የለም፤ ብሩሹን የሚያለቀልቅ ግማሽ ኩባያ ውሃ ይበቃል።

የማታውን አትዝለሉ። ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል፤ ጥርስ ሌሊቱን ያለ ጠባቂ ነው የሚያድረው። እኔ በምቆርብበት ጠዋት አፌ ውስጥ ምንም ስለማላስገባ፣ የዋዜማው ማታ ላይ በጣም እጠነቀቃለሁ። ቡናንም እንዲሁ። አያቴ ቡናዋን በጨው ነበር የምትጠጣው። እኛ በስኳር፣ ያውም አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን ግማሽ ቀን። ስኳሩ ከመብዛቱ ይልቅ ጊዜው መርዘሙ ነው ጥርስ የሚበላው። እኔ አቦሉን ብቻ በስኳር፣ የቀረውን ያለ ስኳር አድርጌዋለሁ። ጎረቤቶቼ ታማለች ብለው ያስባሉ።

ወደ ክሊኒኩ ልሂድ። ስሙን አልጠራም፤ የምወቅሰውም የማመሰግነውም ስላለኝ። የግል ክሊኒክ ነው። የሄድኩት ጥርሴን ላሳጥብ ነው።

እኛ አገር አንድ ወሬ አለ፤ ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል ይባላል። እህቴ በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ አልታጠበችም። እውነቱ ይህ ነው። ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ቆሻሻ በጊዜ ካልተወገደ፣ ምራቅ ውስጥ ባለው ማዕድን ይጠነክርና ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ብሩሽም መፋቂያም አያስለቅቀውም። ድንጋዩ ድድን ያቆጣል፣ የተቆጣ ድድ ይሸሻል፣ ሥር ያለው አጥንትም አብሮ ይሟሽሻል። እንዲህ የላላ ጥርስ ላይ ያለው ድንጋይ ሲነሳ መነቃነቁ ይታወቃል። ያነቃነቀው እጥበቱ ሳይሆን ከሥሩ የጠፋው አጥንት ነው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። እጇ ቀላል ነው። ዕቃዎቹን ከታሸጉበት ፊቴ ነው የከፈተቻቸው። ይህን ሳላይ አፌን ለማንም አልከፍትም። ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ውሃ ይረጫል፤ ድምፁ ያስፈራል፣ ሕመሙ ግን ከነገሩኝ ያነሰ ነው። ሥሬ የወጣበት ቦታ ላይ ግን ነዘረኝ። እጄን ሳነሳ ወዲያው ታቆማለች። ድንጋዩ በብዛት የነበረው የታችኛው ፊት ጥርሶቼ ጀርባ ላይ ነው። ለምን እዚያ? ብዬ ጠየቅኳት። የምራቅ ቧንቧ ከምላስ ሥር ስለሚከፈት ነው አለችኝ። ይኸው፣ መፋቂያ የማይደርስበት ቦታ።

ስለ እናቴም አወራን። እናቴ እንደ ብዙ የዘመኗ ሴቶች ድዷን የተነቀሰች ነበረች። ጥቁር ሰማያዊ ድድ ላይ ጥርሱ ጎልቶ ሲታይ እንዴት ያምር ነበር! ሐኪሟ «የተነቀሰ ድድ ሲቆጣ መቅላቱ ስለማይታይ፣ መድማቱን ነው የምንከታተለው» አለችኝ። የተነቀሰችም ያልተነቀሰችም ትስማ፦ ሲቦረሽ የሚደማ ድድ የታመመ ድድ ነው። ሰው ደም ሲያይ መቦረሽ ያቆማል። መሆን ያለበት ግን በለስላሳ ብሩሽ እዚያው ቦታ ላይ መቀጠል ነው። በሳምንት ሁለት ሳምንት ካላቆመ ወደ ሐኪም። ባለቤቴ ስኳር ስላለበት ለእሱ ጥድፊያው ይብሳል። ስኳሩ ካልተስተካከለ ድዱ ይታመማል፣ የታመመ ድድ ደግሞ ስኳሩን አላስተካክል ይላል።

ወቀሳዬ? ቀጠሮዬ ሦስት ሰዓት ነበር፤ የገባሁት አምስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ የነገሩኝ ዋጋ የካርዱን አይጨምርም፤ ያንን የሰማሁት ስከፍል ነው። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ገና ተቀምጬ ሳልጨርስ የመቀበያዋ ልጅ ስለ ማንጫ ያቀረበችልኝ ማስታወቂያ ነው። ድዴን ማንም ሳያየው! ሐኪሟ አንድም ቀን ስለ ማንጣት አላነሳችም። እጥበቱ ሲያልቅ ጥርሶቼ መሃል ክፍተት ተሰማኝ። ምላሴ ለጥቂት ቀናት እዚያው ሲመላለስ ከረመ። ክፍተቱ የነበረ ነው፤ ድንጋዩ ደፍኖት ነው ያልታወቀኝ። ለእጥበቱ ከአምስት አራት ተኩል እሰጣለሁ። ለመቀበያው ሁለት።

ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስ በአጭሩ። ባለቤቴ የሚወልቅ አለው። ማታ ይወጣል፣ በለስላሳ ብሩሽና በተራ ሳሙና ይታጠባል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያድራል። በጥርስ ሳሙና አይፈተግም፤ ይጭረዋል። ፈላ ውሃም ቅርጹን ያጣምመዋል።

የመጨረሻው ዕቃ ያላገኘሁት ነው። ጥብስ በልተን ስናበቃ ሁላችን እጃችን ስቴኪኒ ላይ ነው። ስቴኪኒ የተቀረቀረ ሥጋ ያወጣል፤ የጥርሱን ጎን ግን አያጸዳም፣ ተጫን ካሉት ድድ ይወጋል። ሥጋ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቀረቀርባችሁ ከሆነ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ነገር ተለውጧልና አስዩት። የጥርስ ክር አንዳንድ ፋርማሲ አለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ክፍተቱ ለሰፋ እንደኔ ላለ ሰው ሾልኮ ያልፋል። እኔን የሚሆነኝ ጥርስ መሃል የምትገባው ትንሿ ብሩሽ ናት። ሐኪሟ አሳየችኝ፤ እነሱ ግን አይሸጡም። ፒያሳ ጠየቅኩ፣ አራዳ ጠየቅኩ፣ ማራኪ ጠየቅኩ። አንዱ የጠርሙስ ማጠቢያ አሳየኝ። ልጄ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ሲያልቅብኝ እስክትመጣ እጠብቃለሁ። መጠኗ የተለያየ ስለሆነ ከመግዛት በፊት የትኛው ክፍተት የትኛዋን እንደሚቀበል ሐኪም ቢያሳያችሁ ይሻላል፤ ለኔ ሁለት ዓይነት ነው የሚያስፈልገኝ። ጎንደር ውስጥ የምትሸጥበትን ቤት የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ ለእህቴም እገዛለሁ።