ቡቺን ላተረፈችልን ዶክተር

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ውሻ ያላችሁ ሰዎች፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ባለፈው መስከረም ሁለት ቀን ሙሉ ዘንቦ ጓሯችን ከኦክ ዛፉ ሥር የጅብ ጥላ ፈላ። አመሻሹ ላይ ውሻችን ቡቺ አንዱን ግምጥ አድርጋ ስትውጥ ልጄ አይቶ ጮኸ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማስመለስ ጀመረች። የተረፈውን በፌስታል ይዤ ወደ ድንገተኛ ክሊኒክ በረርኩ።

ተረኛዋ ሐኪም ሐበሻ ሆና አገኘኋት፤ ደብረ ዘይት የተማረች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ መቼ በልታ መቼ እንዳስመለሰች ነው። ቶሎ የሚያስመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ሆድ አውኮ ያልፋል አለችኝ። የሚያስፈራው 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ድምፁን አጥፍቶ ቆይቶ የሚጀምረው ነው፤ ውሻው የዳነ ይመስልና በ2ኛው በ3ኛው ቀን ጉበቱን ይጨርሰዋል። ሁለት ዓይነት በልታ እንደሆነስ ብላ ጉበቷን ለ3 ቀን ተከታተለች። ፌስታሌን አይታ ግን ሳቀች፤ እንጉዳይ በፌስታል ያልበዋል፣ ከነሥሩ ተነቅሎ በወረቀት ነው የሚመጣው።

ጉበቷ ደህና ሆነ። ዶክተሯን ያላስተኛት የልብ ምቷ ነው። ያን ያህል አስመልሶ ውሃ ያጣ ውሻ ልቡ መፍጠን ሲገባው የቡቺ ቀስ ይላል። ልብ የሚያዘገይ እንጉዳይም አለ፤ እሱ ግን ምራቅና እንባ ያዘንባል፣ የቡቺ ድድ ደርቆ ጣት ይይዝ ነበር። ደሟ ሲታይ ሶዲየሙ ወርዷል፣ ፖታሲየሙ ወጥቷል። «ከዚህ በፊት መጣ ሄድ የሚል ሕመም ነበረባት?» ስትለኝ ክው አልኩ። በዓመቱ ሦስት ጊዜ ምግብ እምቢ ብላ ተንቀጥቅጣለች፤ ሌላ ክሊኒክ ሦስቱንም ጊዜ «ሆዷ ነው» ብለው ፈሳሽ ሰጥተው መለሱን።

ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን የሚያስመነጭ መርፌ ወግታ፣ ከመርፌው በፊትና ከ1 ሰዓት በኋላ ደም ቀድታ መጠኑን ለካች። ሁለቴም የለም በሉት። አዲሰን ይባላል፤ ከኩላሊት አናት ያሉት ትንንሽ እጢዎች ሆርሞን ማመንጨት ያቆማሉ።

አሁን በወር አንድ መርፌ፣ በየቀኑ ኮርቲሶሉን የሚተካ ትንሽ የፕሬድኒሶን ኪኒን። መርፌው ውድ ነው፣ አልዋሽም። በዓል ሆኖ ቤቱ በሰው ሲሞላ ስለምትጨነቅ በዶክተሯ ትእዛዝ ኪኒኑን እንጨምራለን። «ለውሻ ይሄ ሁሉ!» ትል የነበረችው እናቴ ናት ኪኒኑን በአይብ ጠቅልላ የምታጎርሳት።

ስሟን ሳላስፈቅዳት አልጽፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ዶክተርዬ፣ እድሜ ይስጥልኝ።