«ለ220 ይሠራል» ተብሎ የሚሸጠውን የአሜሪካ ስሎው ኩከር ከመግዛታችሁ በፊት

ይህን ማሳሰቢያ የምጽፈው «ጠዋት ዶሮና ፓስታ ጨምረው ይውጡ፣ ማታ እራት ደርሶ ይጠብቅዎታል» በሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም የሚሸጠውን የኤሌክትሪክ ድስት ለመግዛት ላሰባችሁ ሁሉ ነው። እኔ ገዝቼዋለሁ፤ 8,500 ብር ከፍዬበታለሁ፤ ያገለገለኝም ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ዕቃው በተሠራበት አገር ጥሩ ዕቃ እንደሆነ አልክድም። ቅሬታዬ ለእኛ አገር መብራት ያልተሠራ መሆኑን የሚያውቅ ሻጭ፣ የስፒና ማቀያየሪያ አያይዞ «ይሠራል» እያለ በመሸጡ ላይ ነው።

ስሎው ኩከር ዙሪያውን በኤሌክትሪክ የሚሞቅ፣ በውስጡ የሸክላ ማሰሮ የተቀመጠለት፣ ምግብን በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት የሚያበስል ድስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሪቫል የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ «ክሮክ ፖት» በሚል ስም ለገበያ ካቀረበው ወዲህ በዚያ አገር ቤቶች የተለመደ ሲሆን፣ የእኛ ሻጮችም የየትኛውንም ፋብሪካ ምርት በዚሁ ስም ይጠሩታል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ሜሪላንድ የምትኖረው የባለቤቴ እህት በቪዲዮ ስታሳየኝ ነበር። ጀሞ እየኖርኩ ቦሌ ስለምሠራና ማታ 1 ሰዓት ተኩል ሳይሆን ቤቴ ስለማልደርስ፣ እንዲህ ያለ ድስት የሚያስገኘውን እፎይታ ለማሰብ ብዙ ምናብ አላስፈለገኝም።

ከመግዛቴ በፊት ጠይቄአለሁ፤ ሳይጠይቁ ገዝተው የሚያማርሩ ሰዎች ወገን አለመሆኔ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። «ለእኛ አገር መብራት ይሆናል ወይ?» ብዬ በጽሑፍ ስጠይቅ፣ «እህቴ፣ በደንብ ይሠራል፤ አዳፕተሩንም በነፃ ነው የምንሰጥሽ። የአሜሪካ የስልክ ቻርጀር እዚህ ሲሠራ አይተሽ የለ? ያው ማለት ነው» የሚል መልስ ተሰጠኝ። የላከልኝ ፎቶግራፍ የድስቱን ፊት፣ ክዳኑንና ሳጥኑን የሚያሳይ ነበር። የድስቱ ሥር የተነሳበት አንድም ፎቶግራፍ እንዳልነበረ ያስተዋልኩት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ዕቃውን በሞተር ያመጣው ልጅ ገንዘቡ ሳይተላለፍ ሳጥኑ እንዳይከፈት ታዝዞ ስለነበር፣ ከፍዬ ተቀበልኩ፤ ደረሰኝ ስጠይቀው ግን «እኔ አድራሽ ብቻ ነኝ» አለኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከርኩት ቅዳሜ መሆኑ በጀኝ። ከድስቱ ጋር የመጣችው የአሠራር ወረቀት እንደምታዘው ዶሮውን፣ ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱንና ደረቁን ፓስታ ጨምሬ፣ በዝቅተኛው ሙቀት አድርጌ ሰካሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማሰሮው ከዳር ከዳሩ ይንተከተክ ጀመር፤ በዝግታ ማብሰል የተባለው ይህ ከሆነ የእኔ የከሰል ምድጃም ዝግተኛ ነው ብዬ ገረመኝ። ቀጥሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ ወዲያው ከማቀዝቀዣ በወጣው ዶሮና በጋለው ግድግዳ መካከል የነበረው ሸክላ «ጧ» ብሎ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። የቲማቲሙ ውኃ በስንጥቁ ወደ ኤሌክትሪኩ ሲወርድ ብሬከሩ ወደቀ። ይህ የሆነው ማስታወቂያው እንደሚለው ጠዋት ሰክቼ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ፣ በብሬከሩ መውደቅ ብቻ ማለቁን ማንም ሊያረጋግጥልኝ አይችልም።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ ጎረቤታችን ድስቱን ገልብጦ ሥሩ ላይ የተለጠፈውን አነበበልኝ፤ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 240 ዋት» ይላል። የእኛ አገር የቤት መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በኸርዝ በኩል ያለው ልዩነት ለተራ ማሞቂያ ሽቦ ያን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ችግሩ ከቮልቱ ላይ ነው። አንድ የማሞቂያ ሽቦ የሚስበው ኃይል ከቮልቱ ጋር እኩል ሳይሆን በካሬው ስለሚጨምር፣ ለ120 ተሠርቶ በ220 ላይ የተሰካ ድስት ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይወስዳል። የእኔው ባለ240 ዋት ድስት በዚያች ሃያ አምስት ደቂቃ ወደ 800 ዋት የሚጠጋ ኃይል ሲጎርስ ነበር ማለት ነው። ዝቅተኛ፣ ከፍተኛ የሚለው መቀያየሪያም ይህን አያድነውም።

በነፃ የተሰጠኝ አዳፕተር ደግሞ የሚለውጠው የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ነው። ጠፍጣፋውን የአሜሪካ ስፒና በክቡ ሶኬታችን እንዲገባ ያደርገዋል፤ ቮልቱን በአንዲትም ነጥብ አይቀንስም። እንዲያውም ጠፍጣፋው ስፒና አልገባም ማለቱ ለማያውቅ ሰው የመጨረሻው መከላከያ ነበረና፣ አዳፕተሩ ያነሣው ይህንኑ መከላከያ ነው። የስልክ ቻርጀሩ ምሳሌ እውነትነት ያለው ስለሚመስል ብዙ ሰው ያታልላል፤ የቻርጀሩን ጽሑፍ ብታነቡ ግን «100–240 ቮልት» የሚል ታገኛላችሁ፤ ማለትም ፋብሪካው ለሁለቱም ዓይነት መብራት አስቦ ሠርቶታል። ድስት፣ ካውያ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ቶስተርና የመሳሰሉ የሚያሞቁ ዕቃዎች ግን በአብዛኛው ለአንድ ዓይነት መብራት ብቻ የሚሠሩ ናቸው።

ለሻጩ የተሰነጠቀውን ድስት ፎቶግራፍ ስልክለት ይቅርታም ክርክርም አላመጣም፤ ሌላ ዕቃ ሊሸጥልኝ ሞከረ እንጂ። «ትራንስፎርመር ያስፈልገው ነበር፤ በ6,000 ብር አለን፤ ማሰሮውንም በቅናሽ እንቀይርልሻለን» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከ220 ወደ 120 የሚቀንስና የድስቱን ዋት በሚገባ የሚሸከም ትራንስፎርመር ቢኖር ድስቱ ይሠራ ነበር። ነገር ግን ይህ መጀመሪያ ልነገረው የሚገባኝ ነገር ነው፤ ተነግሮኝም ቢሆን የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ 14,500 ብር ሲሆን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለ220–240 ቮልት የተሠራውን ከዱባይ በ9,000 ብር አስመጥታለች። ለመንገደኛ የሚሸጡትን ትንንሽ የቮልት መቀነሻዎች ደግሞ ከነጭራሹ አታስቡአቸው፤ ለጥቂት ደቂቃ ፀጉር ለማድረቅ የታሰቡ እንጂ ለስድስትና ለስምንት ሰዓት ያለማቋረጥ እንዲሠሩ የተዘጋጁ አይደሉም።

እንግዲህ ከውጭ የመጣ ሁሉ አይሠራም ማለቴ እንዳይደለ ይታወቅልኝ። ከዱባይ፣ ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል የሚመጡ የቤት ዕቃዎች በእነዚያ አገሮች መብራት ምክንያት በአብዛኛው ለእኛ የሚስማሙ ናቸው፤ ከዱባይ የሚመጣው ባለሦስት እግር ስፒና ካለውም አዳፕተር ማድረግ ተገቢ ነው፤ እዚያ ላይ የሚለየው ቅርጹ ብቻ ነውና። ጥንቃቄ የሚያሻው ከአሜሪካና ከካናዳ ለሚመጣው፣ ይልቁንም በዘመድ ሻንጣ መጥቶ በሦስተኛ ሰው እጅ ለሚሸጠው ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ የድስቱን ሥር አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ «220–240» ወይም «100–240» የሚል ካላያችሁ ዋጋ አትከራከሩ። ሳጥኑ ላይ ያለውን ማመን አይበቃም፤ ሳጥንና ዕቃ ሊለያዩ ይችላሉ።

ሁለተኛው ማታለል የአሠራር ወረቀቷ ናት፤ ትክክለኛ ድስት ብትገዙም ይህችው ወረቀት ልትደርሳችሁ ስለምትችል ጥቂት ልቆይባት። የታዘዘው ከፍሪዘር የወጣ ዶሮ፣ ደረቅ ፓስታና ወተት በአንድነት ተጨምረው በዝቅተኛ ሙቀት ለ8 ሰዓት እንዲቆዩ ነው። የዶሮውን ነገር አስቀድሜ ስለማውቅ ማቅለጤ በጎ ሆነ እንጂ፣ በረዶ የሆነ ዶሮ በዚህ ድስት ውስጥ ሲቀልጥና ሲሞቅ፣ ተሕዋስያን በሚባዙበት በ4 እና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ለብዙ ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ዶሮው አስቀድሞ በማቀዝቀዣ ውስጥ መቅለጥ፣ በስሎም ውስጡ 74 ዲግሪ መድረስ ይኖርበታል። ፓስታው 8 ሰዓት ከቆየ ገንፎ ይሆናል፤ ወተቱም ይቆራረጣል።

ከባልደረባዬ ድስቷን ተውሼ ይህንኑ እራት ሦስት ጊዜ ስለሠራሁት፣ የሚሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ኪሎ የፈረንጅ ዶሮ ደረትና ታፋ፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አምስት ቲማቲም፣ ሁለት ማንኪያ ድልህ፣ አንድ ስኒ ውኃ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት የጥብስ ቅጠል ጨምሬ፣ በዝቅተኛው ለስድስት ሰዓት አበስለዋለሁ። በከፍተኛው ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ይበቃዋል። የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ጊዜው ይረዝማል። ማሰሮው ከግማሽ ያልጎደለ፣ ከሁለት ሦስተኛም ያልበለጠ ቢሆን ይሻላል፤ ክዳኑን እየከፈቱ ማየት የተጠራቀመውን ሙቀት ስለሚያስወጣ እራቱን ያዘገየዋል። ፓስታውን ግን በሌላ ድስት ቀቅዬ በመጨረሻ እቀላቅለዋለሁ፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነውና በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ወተት ወይም ክሬም የሚፈልግ ሰው ከማውጣቱ ጥቂት ደቂቃ በፊት ይጨምር። በነገራችን ላይ ሻጩ «ዶሮ ወጥም ይሠራል» ብሎ ማስተዋወቁን አትመኑት፤ በተከደነና እንፋሎቱ በማይወጣ ማሰሮ ውስጥ ሽንኩርት ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፤ ቁሌቱ በምድጃ ላይ ካልተሠራ ወጥ የለም።

«ጠዋት ሰክተው ይውጡ» የሚለውም ተስፋ ከእኛ ኑሮ ጋር ሲመዘን ይጎድላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል የሚወጣና ማታ 1 ሰዓት ተኩል የሚገባ ሰው ድስቱን 13 ሰዓት ብቻውን ይተወዋል፤ ለዶሮ የሚያስፈልገው ስድስት ነው። ሰዓት ተሞልቶለት ራሱ ወደ ማሞቂያ የሚዛወር ካልሆነ ዶሮው ይደርቃል፤ ራሱ የሚዛወረውም ዲጂታል ስለሆነ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይቀራል። በእጅ የሚዞረው ደግሞ መብራት ሲመለስ ምንም እንዳልተፈጠረ መሥራቱን ስለሚቀጥል፣ ምግቡ ስንት ሰዓት ለብ ብሎ እንደቆየ ማወቅ አትችሉም። እናንተ በሌላችሁበት መብራት ለረጅም ጊዜ መጥፋቱን ጎረቤት ከነገራችሁ፣ ምግቡ የበሰለ ቢመስልም መድፋት ነው፤ ያሳዝናል፣ ዶሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ።

ገንዘቤን ለማስመለስ የሞከርኩትንም ልግለጽ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ነጋዴው ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበትም ይደነግጋል። ይህን ጠቅሼ በስድስተኛው ቀን ስጽፍለት ሻጩ መልስ አልሰጠኝም፤ በማግስቱ ቴሌግራሜን ስከፍት «በደንብ ይሠራል» ያለበት መልእክትና የድስቱ ፎቶግራፎች በሙሉ ከእኔም ስልክ ላይ ጠፍተዋል። በቴሌግራም አንዱ ወገን ንግግሩን ከሁለቱም በኩል መሰረዝ እንደሚችል እስከዚያ ቀን አላሰብኩበትም ነበር። በእጄ የቀረው የከፈልኩበት የገንዘብ ዝውውር መልእክትና ስንጥቁ ማሰሮ ነው። ስለዚህ ስለ ቮልቱ የተሰጣችሁን መልስ በደረሰ ጊዜ ወዲያው ስክሪኑን አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ሳጥኑን አድራሹ ቆሞ ሳለ ክፈቱና ሥሩን አንብቡ፤ ሳይከፈል አይከፈትም ካላችሁ ዕቃውን ይዞ ይመለስ።

ትናንት ማታ በባለቤቴ ስልክ ገብቼ የሻጩን ቻናል ስመለከት፣ ያው ድስት፣ ያው ሳጥን፣ ያው ነጭ አዳፕተር እንደገና ወጥቷል። ዋጋው 500 ብር ቀንሷል፤ ከሥሩ የተነሳ ፎቶግራፍ ግን አሁንም የለም።